መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሴሚናሪው

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ 34 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በአንድ አማርኛ ተናጋሪ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ፣ አልፎ አልፎም እሰብካለሁ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የሪፎርምድን ትምህርት አጥብቄ ይዤዋለሁ፤ ወደ መጋቢነት ለመዘጋጀትም ወስኛለሁ። በኦንላይን ሴሚናሪ ልመዘገብ ነው። ሥራዬን መተው አለብኝ? ስንት ዓመት ይፈጃል? ሜንቶር የሚሉትስ ምን ያደርጋል፣ ከየትስ ይገኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ የምዝገባውን ቅጽ ለጊዜው አቆየው። ትምህርቱ ያስፈልግሃል፣ ያውም ከምታስበው የረዘመ ነው። ነገር ግን በሪፎርምድ ሥርዓት ትምህርት ቤት ማንንም መጋቢ አያደርግም። ዲፕሎማ ይሰጣል፣ እጅ አይጭንም። ጥሪህን የሚመዝነውም፣ የሚፈትንህም፣ የሚሾምህም የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ስለ ሥራህም ሆነ ስለ ዓመቱ የምሰጥህ መልስ በዚህ ላይ ይቆማል።

በተገላቢጦሽ የሄደ ሰው የሚገጥመው የታወቀ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ሌሊቱን ሲያነብ ከርሞ ሲመረቅ «ይህ የእኛ ልጅ ነው» ብሎ የሚያቀርበው አጥቢያ ያጣል። ሌላው ስለ ሕፃናት ጥምቀት ያለው አቋም በተመኘው ቤተ ክርስቲያን እንደማያሾመው የሚያውቀው ለፈተና ሲቀርብ ነው። የሦስተኛው ሚስት ደግሞ ከመጀመሪያውም ነገሩን አልፈለገችውም ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። ሽማግሌዎች ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ሦስቱም ችግሮች በአንድ ወር ውስጥ ይገለጡ ነበር።

ስለዚህ ከ«የትኛው ሴሚናሪ?» በፊት «የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» የሚለውን መልስ። «ሪፎርምድ» የሚለውን ቃል ሳልተረጉም የተውኩት ሆን ብዬ ነው፤ «ተሐድሶ» ብለው በእኛ ሰው ጆሮ ወደ ሌላ ክርክር ይሄዳል። እዚህ የምለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዙሪክና ከጄኔቫ የመጣውን፣ በጽሑፍ የእምነት መግለጫ የሚተዳደረውን ወገን ነው። ስለ ጸጋና ስለ ምርጫ የተሰበኩ ስብከቶችን በዩቲዩብ መውደድ ጥሩ ነው፤ ለሹመት ግን አይበቃም። የትኛውን መግለጫ፣ በየትኛው ጉባኤ ፊት እንደምትፈርም መለየት አለብህ። በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚተዳደሩት የፕሬስቢቴሪያን አብያተ ክርስቲያናት በ1640ዎቹ የተዘጋጁትን የዌስትሚኒስተር መግለጫና ሁለቱን ካቴኪዝሞች (በጥያቄና መልስ የተዘጋጁ የእምነት ማስተማሪያዎች) ይይዛሉ። ከሆላንድ ወገን የመጡት የ1561ዱን የቤልጂክ መግለጫ፣ የ1563ቱን የሃይደልበርግ ካቴኪዝምና የ1618–19ኙን የዶርት ቀኖናዎች ይይዛሉ። ሪፎርምድ ባፕቲስቶች ደግሞ 1689 እየተባለ የሚጠራውን የለንደን መግለጫ ይከተላሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ የሚለያየው ጥምቀት ላይ ነው። በሙሉ ወንጌል ወይም በቃለ ሕይወት ያደገ ሰው የተማረው ያመነ ሰው እንደሚጠመቅ ነው፤ በመካነ ኢየሱስ ያደገው ግን የሕፃናት ጥምቀት አይገርመውም። ከኪዳን ትምህርት (እግዚአብሔር ከአማኞችና ከልጆቻቸው ጋር ስለገባው ቃል ኪዳን ከሚያስተምረው) ጋር በደንብ ካጠናኸው በኋላም «የአማኝን ሕፃን ለማጥመቅ ኅሊናዬ አይፈቅድም» የምትል ከሆነ የፕሬስቢቴሪያን መንገድ አትጀምር፤ ሪፎርምድ ባፕቲስት አጥቢያ ፈልግ። ይህን አሁን መለየት ነውር የለውም፤ ነውሩ ሸፍኖ እስከ ፈተና መድረስ ነው። በነገራችን ላይ የሽማግሌዎች አስተዳደር ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ የገባው ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ተልኮ ነው፤ ከዚያ ሥራ የወጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1947 ራሷን ችላ ቆማ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

አሁን ካለህበት ቤተ ክርስቲያን አወጣጥህም የዝግጅቱ አካል ነው። በምትመራው የጥናት ቡድን ውስጥ መሪዎቹ ሳያውቁ ሌላ ትምህርት አታስርግ። ሄደህ «እንዲህ አምኛለሁ፣ እዚህ ያለውን የእምነት መግለጫ በሙሉ ልብ ማስተማር ከብዶኛል» በላቸው፤ የጥናቱን መሪነትም አስረክብ። ነገ ለጉባኤው ስትቀርብ ስለ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያንህ መጠየቅህ አይቀርም። ቡድኑን ይዞ የወጣ ሰው ያን ጥያቄ ሊመልስ ይቸገራል።

መንገዱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ፒሲኤ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተውን የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ልውሰድ። ለሽምግልናና ለመጋቢነት የሚሾመው ወንዶችን ብቻ ነው። መጋቢ በዚያ ሥርዓት «አስተማሪ ሽማግሌ» ይባላል፤ ከአስተዳዳሪ ሽማግሌዎች ጋር እኩል ድምፅ አለው፣ አባልነቱ ግን በአጥቢያው ሳይሆን ፕሬስቢተሪ በሚባለው የአካባቢ ጉባኤ ነው።

በመጀመሪያ የአንድ አጥቢያ አባል ትሆናለህ። ሴሽን የሚባለው የአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ ድጋፉን ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር በአባልነት ሊያውቅህ ይገባል። ማመልከቻህ ለፕሬስቢተሪው ጸሐፊ ከስብሰባው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ፕሬስቢተሪ በየሳምንቱ አይሰበሰብምና አንድ ቀን ማርፈድ ወራት ያስከፍላል። በዚያ ስብሰባ የምትጠየቀው ስለ ክርስትና ሕይወትህና ስለ ጥሪህ ነው። ካሳመንካቸው እጩ ሆነህ በጉባኤው ጥበቃ ሥር ትገባለህ።

ቀጥሎ የስብከት ፈቃድ አለ። በፒሲኤ መድረኮች ላይ አዘውትሮ ለመስበክ ይህ ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ የራሱ ፈተናና በጉባኤው ፊት የሚሰበክ ስብከት አለው። ከዚያም ቢያንስ አንድ ዓመት የሚፈጅ ኢንተርንሺፕ (የአገልግሎት ልምምድ) አለ፤ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ሊሄድ ስለሚችል ዕድሜህን የግድ አያራዝምም። በመጨረሻ አንድ አጥቢያ መርጦህ ደመወዙንና ሁኔታውን የገለጸ የጽሑፍ ጥሪ ሲያቀርብልህ የሹመት ፈተናው ይመጣል። ያለ ተጨባጭ ጥሪ ሹመት የለም፤ «ተሹሜ ልጠብቅ» የሚባል ነገር በዚህ ሥርዓት አይታወቅም።

የሹመት ፈተናው ስለ ክርስትና ሕይወትህ፣ ስለ ግሪክና ዕብራይስጥ፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘት፣ ስለ ሥነ መለኮት፣ ስለ ጥምቀትና ስለ ጌታ እራት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ስለ ፒሲኤ ታሪክና ስለ አስተዳደር ደንቡ ይጠይቃል። ቋንቋውን በሴሚናሪ መማርህ በቃል ፈተናው ፋንታ ሊያዝልህ ይችላል። ከዚህ ሌላ አንድ የሥነ መለኮት ጽሑፍ፣ ከመጀመሪያው ቋንቋ የተሠራ አንድ የምንባብ ፍታቴ (ክፍሉን እየተነተኑ መተርጎም) እና አንድ ስብከት ታቀርባለህ። ስብከቱን በአማርኛ አቅርበህ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ልትሰጥ ትችል እንደሆነ ኮሚቴውን ከወራት በፊት ጠይቅ፤ በዋዜማው የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ሰው የሚንቀው የመጽሐፍ ቅዱስ ይዘትን ነው፤ «ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው» ብሎ። ችግሩ የምታውቀው በአማርኛ መሆኑ ነው። ሶፎንያስ «ዘፈናያ» ተብሎ፣ ኢያሱ «ጆሽዋ» ተብሎ፣ ዕንባቆምም «ሃባኩክ» ተብሎ ሲጠራ፣ ከዚያ ላይ «ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ምንድን ነው?» ሲባል አእምሮህ ሁለት ጊዜ ይተረጉማል። የ66ቱን መጻሕፍት፣ የነገሥታቱንና የነቢያቱን ስም በሁለት ዓምድ ጽፈህ ከአሁኑ ያዝ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አምስት ቃል የማይበልጥ ርእስ ስጥ፤ በቀን ሦስት ምዕራፍ ብትይዝ 1,189ኙ ምዕራፎች በ13 ወር ግድም ያልቃሉ።

ሰው በብዛት የሚፈራው ደግሞ ከመግለጫው ጋር ያለህን ልዩነት የምታስታውቅበትን ክፍል ነው። እጩው ከዌስትሚኒስተር መግለጫና ከካቴኪዝሞቹ ጋር የማይስማማበትን ነጥብ በግልጽ ይናገራል፤ ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ ነው ወይስ መሠረታዊውን ትምህርት የሚነካ ነው ብሎ የሚበይነው ጉባኤው ነው። እጩዎች የሚያነሷቸው የተለመዱ ነጥቦች አሉ፦ በሰንበት ቀን መዝናናትን የሚከለክለው የ21ኛው ምዕራፍ 8ኛ አንቀጽ፣ የሥላሴን አካላት በሥዕል ማሳየትን የሚከለክለው የትልቁ ካቴኪዝም 109ኛ ጥያቄ። ሳሎን ግድግዳ ላይ የጌታ ሥዕል ያለበት ካሌንደር የሰቀልክ ከሆነ 109ኛውን ቀድመህ አንብበው።

የአንተ አስቸጋሪ ነጥብ ግን የ1ኛው ምዕራፍ 1ኛ አንቀጽ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ፈቃዱን ለሕዝቡ ይገልጥባቸው የነበሩት የቀድሞ መንገዶች እንደቆሙ ይናገራል። «ጌታ እንዲህ አለኝ» የሚባልበት ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ቀላል አንቀጽ አይደለም። «እስማማለሁ» ብለህ አትዝለለው፤ ጉባኤው ስለ ትንቢትና ስለ ልሳን በቀጥታ ሊጠይቅህ ይችላል። በአንድ ገጽ ላይ አራት ነገር ጻፍ፦ አንቀጹ ምን ይላል፣ እኔ ምን አምናለሁ፣ ከየትኛው ክፍል፣ ከመድረክስ ምን አስተምራለሁ። ልዩነት ከሌለህ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚያስብ ሰው ለመምሰል አትፍጠር። ያም ያስታውቃል።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ዲግሪው ማስተር ኦቭ ዲቪኒቲ ይባላል። የሰሜን አሜሪካን ሴሚናሪዎች እውቅና የሚሰጠው ኤቲኤስ ቢያንስ 72 ክሬዲት ይጠይቃል፤ የሪፎርምድ ሴሚናሪዎች ሁለቱን ቋንቋዎች ስለሚጨምሩ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ይደርሳል። ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው። አንተ እየሠራህ በእያንዳንዱ መንፈቅ ሁለት ኮርስ፣ በበጋ ደግሞ አንድ ብትወስድ በዓመት 15 ክሬዲት ይሆናል፤ ወደ ሰባት ዓመት ማለት ነው። ለአንድ ክሬዲት የአንድ ሰዓት ክፍልና ቢያንስ የሁለት ሰዓት ጥናት አስብ። ሁለት ኮርስ እንግዲህ በሳምንት 18 ሰዓት ነው። ያ 18 ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ከሚስትህ ጋር ተቀምጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከእንቅልፍህ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከሁለት መንፈቅ አያልፍም።

ሥራህን አሁን አትተው። የመጀመሪያዎቹን 30 ክሬዲቶች እየሠራህ ውሰድ፣ ሁለቱም የግሪክ ሰዋስው ኮርሶች እዚያ ውስጥ ይግቡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽማግሌዎቹም አንተም ስለ ጥሪው ያላችሁ አስተያየት ወይ ይጠነክራል ወይ ይለወጣል፤ ቢለወጥ ደመወዝህ አልተነካም፣ የተማርከውም ከአንተ ጋር ይቀራል። ዲግሪውን ሙሉ ለሙሉ መማር የማይችልም ፒሲኤ ውስጥ በሩ አልተዘጋበትም፤ ፕሬስቢተሪው የሚያጸድቀው ተመጣጣኝ ትምህርት በደንቡ ተፈቅዷል። እርሱ ግን አቋራጭ አይደለም። ፈተናው ያው ፈተና ነው።

ኦንላይን ስለመማር፦ የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የመጽሐፍ ቅዱስ ዳሰሳ በስክሪን ይሆናሉ። ቋንቋ፣ ስብከትና የማማከር ኮርሶች ግን ፊት ለፊት ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በጃክሰን ሚሲሲፒ የተከፈተው ሪፎርምድ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪ በዋሽንግተን አካባቢ፣ አንተ ባለህበት በቨርጂኒያ ካምፓስ አለው። ፊላደልፊያ ያለው ዌስትሚኒስተርም እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው፤ ከአንተ ግን ይርቃል። እውቅና የሌለውን ትምህርት ቤት በርካሽነቱ አትመልከተው። «የክብር ዶክትሬት» በስድስት ወር የሚሰጡትማ ጭራሽ አይነሱ። በማኅበረሰባችን ውስጥ «ዶክተር» ከስም ፊት መለጠፉ ያስከበረ ቢመስልም ጉባኤው ፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ተማርከው?» ነው።

አሁን ቋንቋዎቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማርኛ ተናጋሪው ሳያውቀው ሀብታም የሆነበት ቦታ ስለሆነ። ዕብራይስጥን ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ የሚማር ሰው ሦስት ፊደል ያለው የግሥ ሥር እንግዳ ይሆንበታል። ለአንተ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ስባሪ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ ማንም ማስረዳት የለበትም። ኒፍአልና ሂፍኢል የሚሏቸው የግሥ አዕማድ ከእኛ «ተ-» እና «አስ-» ጋር አንድ ባይሆኑም ሐሳባቸው ይቀራረባል። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው በዕብራይስጥ ፊደል ማጥበቅ ለምን በነጥብ እንደሚጻፍ ወዲያው ይገባዋል። ቃላቱም ዘመዶች ናቸው፦ አብ፣ ቤት፣ ዐይን፣ ስም፣ ነፍስ፣ ልብ። በምሳሌ 6፥32 ዕብራይስጡ «ልብ የጎደለው» ይላል፤ ማስተዋል የለውም ማለት ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ አንተ «ልበ ቢስ» ብለህ ትሄዳለህ። «መልአክ»ን ደግሞ ውሰድ። ዕብራይስጡ ስሙን ይዞ ግሡን አጥቶታል፤ ግሡ በግዕዝ «ለአከ»፣ በአማርኛም «ላከ» ሆኖ አለልህ። መልአክ የተላከ ማለት መሆኑን ከፊደሉ ታነባለህ።

ወጥመዶቹም ያው ከዚሁ ይመጣሉ። የዕብራይስጡ «ቆል» ከእኛ «ቃል» ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሙ ድምፅ ነው፤ ቃል በዕብራይስጥ «ዳቫር» ነው። ይህን የሳተ ሰው ዘፍጥረት 3፥8ን «የእግዚአብሔርን ቃል ሰሙ» ብሎ ከፍቶ ስብከቱን ሁሉ በስሕተት ላይ ይሠራል። ሁለተኛው የድምፅ ነገር ነው። በንግግራችን ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ሆነዋል፤ አ እና ዐም እንዲሁ። ዕብራይስጡ ግን ሀን ከሐ፣ አን ከዐ በጽሕፈት አጥብቆ ይለያል (ሐ እና ኀን ግን በአንድ ፊደል ይጽፋል)፣ ሥሩም በዚያ ይለወጣል። መድኃኒቱ የግዕዙን አጻጻፍ ማክበር ነው፦ «ሐዲስ»ን በሐመሩ ሐ፣ «ዐይን»ን በዐይኑ ዐ ጻፍ፤ በዕብራይስጥም በተመሳሳዩ ፊደል ታገኛቸዋለህ። ሦስተኛው፣ ክፍሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ከዕብራይስጥ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ዝምድናው መሐል ላይ ይጠፋል። የቃላት ካርዶችህን በቀጥታ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ አዘጋጅ።

ግሪክ እንዲህ አያዝናናም፤ ግን አንድ ስጦታ አለህ። የግሪክ ቦዝ አንቀጽ እንግሊዝኛን ያስጨንቀዋል። ሉቃስ 15፥20 ግን በአማርኛ «ተነሥቶም ወደ አባቱ መጣ» ሲል የግሪኩ አሠራር ሳይሰበር ተቀመጠ፤ «ተነሥቶ» ራሱ ቦዝ አንቀጽ ነውና። የቃላት ጭነቱም ሲታይ ነው የሚያስፈራው። አዲስ ኪዳን ወደ 5,400 የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ከ50 ጊዜ በላይ የሚመጡት ግን 310 ያህል ብቻ ሲሆኑ ከገጹ ቃላት ወደ 80 በመቶ የሚጠጉትን ይሸፍናሉ። በሳምንት 10 ብትይዝ 31 ሳምንት ነው። በቀን 25 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፤ ቅዳሜ ለአራት ሰዓት መቀመጥ ያንን አይተካም። ሰዋስውን ከጨረስክ በኋላ የፍታቴውን ኮርስ ከአንድ መንፈቅ በላይ አታቆየው፤ ካቆየኸው እንደገና ከፊደል ትጀምራለህ።

ሜንቶር ወዳልከው ልምጣ። በጄኔቫ ቅደም ተከተሉ ምን እንደነበር ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1541 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ደንብ እጩ በትምህርቱና በኑሮው እንዲፈተን፣ መጋቢዎችም በየሳምንቱ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስን በጋራ እንዲያጠኑ፣ በየሦስት ወሩም አንዱ ሌላውን በወንድማዊ ተግሣጽ እንዲያርም አዘዘ። አካዳሚው የተከፈተው በ1559 ነው፤ ጉባኤው ከትምህርት ቤቱ በ18 ዓመት ቀደመ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥም ዊልያም ቴነንት በኔሻሚኒ በእንጨት ቤት ወጣቶችን ለመጋቢነት ሲያሠለጥን የፕሪንስተን ሴሚናሪ ገና አልታሰበም ነበር፤ እርሱ የተከፈተው በ1812 ነው።

ጥሩ ሜንቶር የተሾመ፣ ራሱ ለጉባኤ ተጠሪ የሆነ፣ ቀብር ያስቀበረ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቀ ወይም ማስታረቅ ያቃተው፣ ቤቱ ገብተህ ከልጆቹ ጋር የምታየው ሰው ነው። ጓደኛህ አይሁን። ታማኝነትህን ለራሱ የሚፈልግ «መንፈሳዊ አባት»ም አይሁን። «ገና ነህ» ሊልህ የሚችል ሰው ይሁን። የምታገኘው ከምትገባበት አጥቢያ ሴሽን ነው፤ ራስህ መርጠህ አትምጣ፣ እነርሱ ይመድቡልህ። በአማርኛ ጉባኤ ልታገለግል ካሰብክ ግን ሁለት ያስፈልጉሃል። አንዱ የፕሬስቢተሪውን አሠራርና የመግለጫውን ትምህርት የሚያውቅ መጋቢ፤ ሌላው የእኛን ቤት ደንብ፣ ለቅሶውን፣ ሽምግልናውን፣ የአዲስ መጤውን ጭንቀት የሚያውቅ በዕድሜ የበሰለ ሽማግሌ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም።

መጀመሪያ በአንድ ገጽ ተስማሙ፦ በየስንት ጊዜ እንደምትገናኙ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ከምትነግረው ውስጥ ለሴሽኑ የሚነገረውና የማይነገረው ምን እንደሆነ። ይህ ያልተጻፈበት ግንኙነት ሦስት ወር ቡና ተጠጥቶበት ይጠፋል። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለ አንተ ይሁን፦ ጸሎትህ፣ ትዳርህ፣ ገንዘብህ፣ ስልክህ። አርባ ደቂቃው ለመግለጫው አንድ ምዕራፍ ነው፤ 33 ምዕራፍ ስላለው በዚህ አካሄድ 15 ወር ይፈጃል። የቀረው ለስብከትና ላደረግከው ጉብኝት። ከዚያ ውጭ አጭሩን ካቴኪዝም በቃልህ ያዝ፤ 107 ጥያቄ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቢሆን በአንድ ዓመት ይጠናቀቃል። የሳምንቱን ለልጆችህም አብረህ ብታስይዝ ሁለት ሥራ ሠራህ።

በስብከቱ ላይ የሚበላሸው በይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው ከመድረክ ለወረደ ሰው «ተባረክ፣ ተጠቅመናል» ይላል እንጂ ሌላ አይልም። ስለዚህ ሂሱን አስቀድመህ በሥርዓት አስቀምጠው። ሦስት አድማጮች በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሞሉት አንድ ወረቀት ይኑር፦ የክፍሉ ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ነበር? ሰባኪው ከየትኛው ቁጥር አወጣው? ክርስቶስ ከክፍሉ ወጣ ወይስ መጨረሻ ላይ ተለጠፈ? የት ላይ ጠፋህ? ሦስቱ ዋናውን ሐሳብ በሦስት ዓይነት ከጻፉት ስብከቱ ዋና ሐሳብ አልነበረውም። በኢንተርንሺፑ ዓመት ቢያንስ 12 ስብከት ያስፈልግሃል፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስቱን ቃል በቃል ጻፋቸው። ወደ 30 ደቂቃ አሳጥር። አንድ ሰዓት መስበክ ለለመደ ሰው 30 ደቂቃ ይበልጥ ከባድ ነው፤ የማያስፈልገውን መጣል ግድ ይሆንበታልና።

የጉብኝቱ ልምምድ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ሜንቶሩ ያደርጋል አንተ ታያለህ፣ ቀጥሎ አንተ ታደርጋለህ እርሱ ያያል፣ ከዚያ ብቻህን ሄደህ ትነግረዋለህ። ለቅሶ ቤት ስትገባ ተቀመጥ፤ ጥቅስ ለማንበብ አትቸኩል፣ ጸሎት ካደረግህም ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ባልና ሚስት ለማስታረቅ ብቻህን አትግባ። ድብደባ ያለበት ጉዳይ ደግሞ የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፤ የሚደበድበውንና የሚደበደበውን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጦ «ተቻቻሉ» ማለት ጉዳት ያስከትላል። የተጎጂዋን ደኅንነት አስቀድም፣ ፖሊስም ካስፈለገ ይጠራ። በቨርጂኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሃይማኖት አገልጋዮች በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የመጠቆም ግዴታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ናቸው፤ ለኑዛዜ ምስጢር የተተወ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ወሰኑን ግን በስሚ ሳይሆን ከሕግ ባለሙያ ጠይቀህ እወቅ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር፦ ብድር አትግባ። የተበደረ እጩ ጥሪ ሲመጣለት የሚጠይቀው ደመወዙን ብቻ ይሆናል፤ ትንሽ የአማርኛ ጉባኤም ያንን ደመወዝ አይችልም። ትምህርት ቤቱን ስለ ስኮላርሺፕ፣ ሴሽኑን ደግሞ ለእጩዎች የሚይዙት በጀት እንዳለ ጠይቅ። በትርፍ ጊዜ የሚያገለግል መጋቢ መሆንም ይቻላል፤ ከተቻለ ግን እጅህ ላይ ያለውን ሙያ አታድክመው።

በሚቀጥሉት ስድስት ወራት እንግዲህ ይህን አድርግ። በመጀመሪያው ወር ከሚስትህ ጋር ተነጋገር፤ ከዚያ አንድ የምታከብራት እህት ለብቻዋ ታነጋግራት፣ ያለ አንተ የምትለው ሊለይ ይችላል። ከአሁኑ መሪዎችህ ጋርም በዚያው ወር ተቀመጥ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የመግለጫውን 33 ምዕራፎች አንብበህ ያላመንክበትን በእርሳስ አስምር፣ የጥምቀቱን ጥያቄ ለይ፣ ወደ አንድ አጥቢያም በቤተሰብ መሄድ ጀምር። በአራተኛው አባልነት ጠይቅ፤ የስድስት ወሩ ቆጠራ የሚነሣው ከዚያ ነው። በአምስተኛው ሽማግሌዎቹን «ለመጋቢነት እየታየሁ መሆን እፈልጋለሁ፣ ምን ይጎድለኛል?» ብለህ ጠይቅና የሚሉህን ጻፍ። ግሪኩን ግን ማንንም ሳትጠብቅ ዛሬ ማታ ከፊደሉ መጀመር ትችላለህ፤ 24 ፊደል ነው። ስድስተኛው ወር ላይ ያቆየኸውን የምዝገባ ቅጽ አውጣ። ሴሚናሪዎቹ ከማመልከቻው ጋር የቤተ ክርስቲያን መሪዎች የሚሞሉት አንድ ገጽ ይጠይቃሉ፤ ያኔ ሽማግሌዎቹ እዚያ ላይ የሚጽፉት ነገር ይኖራቸዋል።